በልጆች መጽሐፍ ውስጥ ማን አለ?

በ1960ዎቹ አጋማሽ በኒውዮርክ ከተማ አንዲት የአምስት ዓመት ጥቁር አሜሪካዊት ሕፃን ሥዕላዊ መጽሐፍ ስታገላብጥ ቆይታ፣ በመጽሐፍ ውስጥ የሚታዩት ልጆች ስለ ምን ሁልጊዜ ነጮች ብቻ እንደሚሆኑ ጠየቀች። ጥያቄው በንባብ ትምህርት ስመ ጥር ከነበሩት አሜሪካዊት ምሁር ከናንሲ ላሪክ ጆሮ ደረሰ። ሌላ ሰው ቢሆን የሕፃን አንደበት ነው ብሎ በፈገግታ ያልፈው ይሆናል፤ እርሳቸው ግን መቁጠር ጀመሩ።

ላሪክ ለአሳታሚዎች መጠይቅ ላኩ። መልስ የሰጡት 63 አሳታሚዎች በ1962፣ በ1963 እና በ1964 (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ለገበያ ያቀረቧቸው የልጆች መጻሕፍት 5,206 ነበሩ። ከእነዚህ መካከል አንድ ጥቁር ሰው እንኳ በጽሑፍ ወይም በሥዕል የሚገኝባቸው 349 ብቻ ሆኑ፤ ከመቶ 6.7 ማለት ነው። ቁጥሩ ጠለቅ ተብሎ ሲመረመር ደግሞ ይበልጥ እያነሰ ሄደ። ከ349ኙ አብዛኞቹ ታሪካቸው የሚፈጸመው ከአሜሪካ ውጭ ወይም ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት ባለው ዘመን ነበር። በዚያን ጊዜ በአሜሪካ ስለሚኖር ጥቁር ቤተሰብ የሚተርኩት ከመቶ አንድ እንኳ አልሞሉም፤ 0.8 ነበሩ። በመስከረም 1965 «ሳተርዴይ ሪቪው» በተባለው መጽሔት የወጣው የላሪክ ጽሑፍ ጉዳቱ ለጥቁር ልጆች ብቻ እንዳልሆነም አሳሰበ። በመጽሐፍ ውስጥ ራሱን ብቻ እያየ የሚያድግ ነጭ ልጅ ዓለም በሙሉ የእርሱ ቤት ይመስለዋልና፣ በእርሱ ላይ የሚደርሰው ጉዳት ምናልባት የባሰ ነው የሚል ነበር ሐሳባቸው።

በሳይንስ ዓምዳችን ስለ ልጆች መጽሐፍ ማውራታችንን የሚገረሙበት አንባቢዎች ይኖሩ ይሆናል። ነገር ግን የልጆች ሥነ ጽሑፍ ጥናት የራሱ የምርምር ዘዴ ያለው ዘርፍ ነው። የአንድን ተረት ተከታታይ እትሞች ጎን ለጎን አስቀምጦ ያነጻጽራል፤ ማን እንደ ተሣለና ማን እንደ ተዘነጋ ይቆጥራል፤ ልጆች በሚያነቡበት ሰዓት አጠገባቸው ተቀምጦ የሚሉትን ይመዘግባል። ለረጅም ዘመን ጉዳዩ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኞችና የመምህራን ማሠልጠኛዎች ሥራ ተደርጎ ይታይ ስለነበር፣ የዩኒቨርሲቲ የሥነ ጽሑፍ ክፍሎች ዝቅ አድርገው ይመለከቱት ነበር። በ1972 ፍራንሴሊያ በትለር የተባሉት መምህርት በአሜሪካ የኮነቲከት ዩኒቨርሲቲ የዘርፉን ምሁራዊ መጽሔት ሲያቋቁሙ «ታላቁ የተገለለ» የሚል ንዑስ ርዕስ የሰጡትም ያለ ምክንያት አልነበረም።

የዘርፉ ሊቃውንት በብዙ ነገር አይስማሙም፤ በአንድ ነገር ግን ይገናኛሉ። የልጆች መጽሐፍ ጸሐፊው አዋቂ ነው፤ ሠዓሊውም፣ አሳታሚውም፣ መርጦ ገንዘብ የሚከፍለውም አዋቂ ነው። ልጁ የሚደርሰው ሁሉም ነገር ካለቀ በኋላ ነው። እንግዲህ እያንዳንዱ የልጆች መጽሐፍ «ልጅ ማለት ይህ ነው» የሚል የአዋቂ ፍርድ በውስጡ ተሸክሟል ማለት ነው። በ1744 በለንደን ጆን ኒውበሪ ያሳተሙት ዝነኛ ትንሽ የልጆች መጽሐፍ ለወንድ ልጅ ከኳስ፣ ለሴት ልጅ ደግሞ መርፌ ከሚሰካበት ትንሽ ትራስ ጋር ይሸጥ ነበር። ልጁ ገና ገጹን ሳይገልጥ ፍርዱ ተሰጥቷል።

የእናት ጥፋት ወደ እንጀራ እናት

ይህ የአዋቂ እጅ ከሁሉ ይልቅ ጎልቶ የሚታየው በወንድማማቾቹ በያዕቆብና በቪልሄልም ግሪም የተረት ስብስብ ላይ ነው። በ1812 የወጣው የመጀመሪያው እትም ለልጆች መኝታ የተሰናዳ አልነበረም። የጀርመን ሕዝብ የቃል ቅርስ እንዳይጠፋ የተሰበሰበ፣ ለሊቃውንት የሚሆን ማብራሪያ የታከለበት ሥራ ነበር። ስብስቡ እስከ 1857 ድረስ ሰባት ጊዜ ታተመ፤ በእነዚያ 45 ዓመታት ውስጥ በተለይ ቪልሄልም ብዕራቸውን ከተረቶቹ ላይ አላነሡም። እትሞቹን የሚያነጻጽር ተመራማሪ አንድ ማኅበረሰብ ስለ ልጅ ያለው አመለካከት ሲለወጥ በዓይኑ ያያል።

በሰገነት ላይ የተዘጋባትንና ረጅም ጠጉሯን መውጫ አድርጋ የምታወርደውን የራፑንዘልን ታሪክ እንውሰድ። በ1812ቱ እትም የንጉሡ ልጅ በድብቅ እየመጣ ሲጎበኛት ከቆየ በኋላ፣ ልጅቱ ልብሷ እየጠበባት የመጣው ለምን እንደሆነ አሳዳጊዋን በየዋህነት ትጠይቃለች። አንባቢው እርጉዝ መሆኗን ይረዳል። በኋለኞቹ እትሞች ይህ ጥያቄ ተሰርዞ በሌላ ተተካ፤ አሁን ልጅቱ የምትጠይቀው አሳዳጊዋ ወደ ላይ ስትሳብ ከንጉሡ ልጅ ይልቅ ለምን እንደምትከብዳት ነው። ምሥጢሩ በሁለቱም ይገለጣል፤ ልብሱ ግን ከታሪኩ ወጥቷል።

ሁለተኛው ለውጥ ከዚህ ይከብዳል። «ስኖው ኋይት» በሚል ስም የምናውቃት ልጅ በመጀመሪያው እትም ልትገድላት የምትፈልገው የገዛ ወላጅ እናቷ ነበረች። በ1819ኙ እትም እናቲቱ ገና በመጀመሪያው ገጽ እንድትሞት ተደረገና ክፋቱ ለእንጀራ እናት ተሰጠ። በረሃብ ዘመን ልጆቻቸውን በጫካ ስለሚጥሉት ወላጆች በሚተርከው በ«ሃንዘልና ግሬትል» ውስጥም እናት የነበረችው ሴት በ1840 የእንጀራ እናት ሆነች። በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን የጀርመን መካከለኛ መደብ ቤት ውስጥ እናትነት የተቀደሰ ነገር ሆኖ ነበርና፣ ልጁን የሚጥል እናት ሊታሰብ አልቻለም። ጥፋቱ ከታሪኩ ሊወጣ ስለማይችል ጥፋተኛዋ ተለወጠች። በእኛም ተረቶች ውስጥ የእንጀራ እናት መልካም ስም የላትም። ስሟ ውስጥ እንጀራ እያለ ክፋት ብቻ እንዴት እንደተረፈላት ማሰብ ይገባል፤ የሰው ልጅ በፍቅር ያሳደጉ ስንት ሴቶች በተረት ስም ተወቅሰዋል።

የሚያስደንቀው ግን ቪልሄልም ያልሰረዙት ነገር ነው። አሜሪካዊቷ ምሁር ማሪያ ታታር በ1987 ባሳተሙት ጥናት እንዳመለከቱት፣ እርግዝናን የሚጠቁም ቃል በጥንቃቄ እየተነቀለ ሲወጣ፣ ጭካኔው በቦታው ቆይቷል፤ አንዳንድ ጊዜም ብሶበታል። የስኖው ኋይት ጠላት በእሳት የጋለ የብረት ጫማ ተጫምታ እስክትሞት ድረስ ስትጨፍር የሚያሳየው መጨረሻ እስከ መጨረሻው እትም አልተነካም። ልጅ ስለ መወለድ መስማት የለበትም፤ ስለ ቅጣት ግን መስማት አለበት ተብሎ ተፈርዶ ነበር ማለት ነው። በ1825 ከስብስቡ 50 ተረቶች ተመርጠው፣ ሥዕል ታክሎባቸው፣ በትንሽ ጥራዝ ለቤተሰብ ሲቀርቡ ዛሬ «የልጆች ተረት» የምንለው ነገር መልኩን ያዘ።

አገር ስጠኝ

የአዋቂው እጅ ይህን ያህል ከገዘፈ ልጁ የት አለ? በ1984 እንግሊዛዊቷ ተቺ ዣክሊን ሮዝ ስለ «ፒተር ፓን» በጻፉት መጽሐፍ ለዚህ ጥያቄ ያልተጠበቀ መልስ ሰጡ። የልጆች ልብ ወለድ የሚባለው ነገር ከቶ ሊኖር አይችልም አሉ። ጽሑፉ አዋቂውን ሰጪ፣ ልጁን ተቀባይ አድርጎ ያስቀምጣል፤ በመካከላቸው ያለው ርቀት ግን አይሻገርም። መጽሐፉ ውስጥ ያለው ልጅ አዋቂው ሊያየው የሚመኘው ልጅ ነው። ይህ አቋም ዘርፉን ለዓመታት አወዛግቧል፤ ዛሬም ቢሆን ከሮዝ ጋር ሳይሟገት የሚጀምር ምሁራዊ ሥራ ብዙ አይገኝም።

ሆኖም ሮዝ ያነሡት ሙግት ስለ ታተመ መጽሐፍ ነው። ከዚያ ከ25 ዓመት በፊት፣ የዩኒቨርሲቲ ወንበር ያልነበራቸው እንግሊዛውያን ባልና ሚስት፣ አዮና እና ፒተር ኦፒ፣ ፍጹም የተለየ መንገድ ሄደው ነበር። በብሪታንያ ከሚገኙ 70 ትምህርት ቤቶች፣ ከ5,000 ያህል ልጆች፣ በጨዋታ ሜዳ የሚባለውን ሁሉ ሰበሰቡ፤ ስንኙን፣ እንቆቅልሹን፣ መሐላውን፣ ስድቡን፣ የቅጽል ስሙን። በ1959 የታተመው ውጤት ልጆች ከአዋቂ ሳይሆን ከልጅ የሚወርሱት የራሳቸው ሥነ ቃል እንዳላቸው አረጋገጠ። በ1936 ንጉሥ ኤድዋርድ ስምንተኛ ሚስዝ ሲምፕሰንን ለማግባት ሲሉ ዙፋናቸውን በለቀቁበት ሰሞን፣ ሬዲዮም ሆነ ጋዜጣ ሊያሰራጨው የማይችል የልጆች ፌዝ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከአንዱ የአገሪቱ ጫፍ ወደ ሌላው ተዳርሶ እንደነበር ኦፒዎች ይተርካሉ። ማን አደረሰው? ልጆች።

የኢትዮጵያ ልጆች ጨዋታ ለዚህ ግሩም ማስረጃ ይሆናል። «እንቆቅልህ» ሲባል «ምን አውቅልህ» ብሎ የሚመልስ ልጅ ዝም ብሎ አድማጭ አይደለም። መልሱ ካቃተው «አገር ስጠኝ» ይባላል፤ አገር ይሰጣል፤ አገሩን የተረከበው ጠያቂ በተሸናፊው ላይ እየቀለደ መልሱን ይገልጣል። በዚህ ጨዋታ ውስጥ ሰጪውና ተቀባዩ በየተራ ይለዋወጣሉ፤ ታናሽ ታላቁን፣ ልጅ አያቱን ሊያሸንፍ ይችላል። «ተረት ተረት» ብሎ የሚጀምር ተራኪም ከአድማጮቹ «የላም በረት» የሚል ምላሽ ካላገኘ ወደ ፊት አይሄድም፤ ልጆቹ ካንቀላፉ ያሳጥራል፣ ከሳቁ ይደግማል። በእኔ አስተያየት የሮዝ ሙግት በቃል ተረት ፊት ጉልበቱ ይቀንሳል፤ ተረቱ ሲሠራ ልጁ እዚያው አለና። (በዱባይ ወይም በስቶክሆልም ተወልዶ የሚያድግ ልጅ «አገር ስጠኝ» ሲባል የትኛውን አገር እንደሚሰጥ ተከታትሎ ለሚመዘግብ ወጣት ተመራማሪ ጥሩ የመመረቂያ ጽሑፍ ይወጣዋል።)

ተረቱ ወደ ወረቀት ሲገባ ይህ ምልልስ ይቋረጣል። በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ከአርባ ዓመት በላይ ተረት ያወሩልን አባባ ተስፋዬ፣ በመዝገብ ስማቸው ተስፋዬ ሣህሉ፣ በትውልድ ትዝታ ውስጥ ይህን ያህል ቦታ የያዙት ስለ ምን እንደሆነ ከዚህ አንጻር መመርመር ይቻላል። ሰውየው ከመስታወት ጀርባ ሆነው እንኳ የሚያነቡልን ሳይሆን የሚያጫውቱን ይመስሉ ነበር።

መስታወትና መስኮት

ናንሲ ላሪክ የጀመሩት ቆጠራ ግን አንድ ጉድለት ነበረው። ቁጥር ማን እንዳለ ይናገራል እንጂ እንዴት እንዳለ አይናገርም። ይህን ክፍተት የሞሉት በኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ያስተምሩ የነበሩት ጥቁር አሜሪካዊት ምሁር ሩዲን ሲምስ ቢሾፕ ናቸው። በ1982 ባሳተሙት ጥናታቸው ከ1965 እስከ 1979 ድረስ የወጡና ስለ ጥቁር አሜሪካውያን የሚተርኩ 150 የልጆች ልብ ወለዶችን አንድ በአንድ መረመሩ። አንዳንዶቹ መጻሕፍት በእርግጥ የተጻፉት ለነጭ ልጅ ነበር፤ ጥቁሩ ልጅ በታሪኩ ውስጥ የገባው ነጩ ርኅራኄን እንዲማርበት ነው። ሌሎቹ ደግሞ ከቆዳ ቀለም በቀር ምንም ልዩነት እንደሌለ አድርገው ይተርካሉ፤ ሥዕሉን የሸፈነ ሰው ቤተሰቡ ከየት እንደመጣ ሊያውቅ አይችልም። በሦስተኛው ወገን ያሉት ብቻ ቋንቋውን፣ የቤቱን ወግ፣ የአያትን ምክርና የሰፈሩን ቀልድ ከውስጥ አውቀው የሚጽፉ ናቸው። እነዚህን ባህልን የተገነዘቡ መጻሕፍት አሏቸው።

ቢሾፕ በ1990 ያወጡት አጭር ጽሑፍ ከዚህ ሁሉ ይልቅ ታዋቂ ሆነ። መጽሐፍ አንዳንድ ጊዜ መስኮት ነው አሉ፤ ሌላ ዓለም ያሳያል። አንባቢው በሐሳቡ ገብቶ ከሄደበት ደግሞ ተንሸራታች የመስታወት በር ይሆናል። ብርሃኑ በትክክል ሲያርፍበት ግን ያው መስኮት መልሶ የራስን ፊት ያሳያል፤ ያኔ መስታወት ሆኗል። በእንግሊዝኛ ለመስኮቱ መስታወትና ፊት ለሚታይበት መስታወት የተለያዩ ቃላት አሉ፤ አማርኛ ሁለቱንም «መስታወት» ብሎ ይጠራቸዋል። ምሁሯ በብዙ ዓረፍተ ነገር ያስረዱት ነገር በእኛ ቋንቋ በአንድ ቃል ውስጥ ተቀምጦ ኖሯል። ሐሳባቸው የሚከብደው ቀጥሎ ነው፤ በሚያነባቸው መጻሕፍት ውስጥ ፊቱን ፈልጎ የሚያጣ ወይም ተጣሞ የሚያገኘው ልጅ፣ በሚኖርበት ማኅበረሰብ ውስጥ ያለውን ዋጋ ከዚያ ይማራል።

ይህን የሚከታተለው ቆጠራም አልቆመም። በዊስኮንሲን ማዲሰን ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው የልጆች መጻሕፍት ማዕከል በ1985 መቁጠር ሲጀምር፣ በዚያ ዓመት በአሜሪካ ከታተሙት 2,500 ያህል የልጆች መጻሕፍት በጥቁር ጸሐፊ ወይም ሠዓሊ የተሠሩት 18 ብቻ ነበሩ። ከ33 ዓመት በኋላ፣ በ2018፣ ማዕከሉ 3,134 መጻሕፍትን መረመረ። ዋና ገጸ ባሕርያቸው ነጭ የሆኑት ከመቶ 50 ነበሩ፤ ጥቁር የሆኑት 10፣ የእስያ ዝርያ ያላቸው 7፣ የላቲን አሜሪካ ዝርያ ያላቸው 5፣ የአሜሪካ ቀደምት ሕዝቦች 1። ከመቶ 27 በሚሆኑት ውስጥ ግን ዋናው ገጸ ባሕርይ እንስሳ ወይም እንደ መኪና ያለ ግዑዝ ነገር ነበር። ነጭ ያልሆኑት ልጆች ሁሉ ተደምረው 23 ሲሆኑ ድቡና ጥንቸሉ በልጠዋቸዋል።

አንዳንድ ተመራማሪዎች በመስታወት ላይ ብቻ ማተኮር ልጁን በቆዳው ቀለም አጥሮ ማስቀረት ነው በማለት ይከራከራሉ። ልጅ በጥንቸል ውስጥም ራሱን ያገኛል፤ ይህ እውነት ነው። ናይጄሪያዊቷ ደራሲ ቺማማንዳ ንጎዚ አዲቼ በ2009 ባደረጉት ታዋቂ ንግግር የሰጡት ምስክርነት ግን ሌላውን ጎን ያሳያል። በልጅነታቸው የእንግሊዝና የአሜሪካ መጻሕፍት ብቻ ያነቡ ስለነበር፣ በሰባት ዓመታቸው መጻፍ ሲጀምሩ ገጸ ባሕርያቸው ሁሉ ዓይነ ሰማያዊ ነጮች ነበሩ፤ በረዶ ላይ ይጫወታሉ፣ ፖም ይበላሉ፣ ፀሐይ መውጣቷን እያደነቁ ይነጋገራሉ። ልጅቱ የምትኖረው ግን በረዶ በማይጥልበት፣ ማንጎ በሚበላበት አገር ነበር።

ሁለት ቋንቋ በአንድ ገጽ

ይህ ጥያቄ ወደ አማርኛ የመጣው በጥናት ጽሑፍ ሳይሆን በአንድ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ በኩል ነው። አቶ ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ ከመማሪያ መጽሐፍ ውጭ የሆነ መጽሐፍ በእጃቸው የያዙት በ19 ዓመታቸው እንደሆነ ተናግረዋል። በስደት አሜሪካ ገብተው በሳን ፍራንሲስኮ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የልጆች ክፍል ሲሠሩ፣ በልዩ ልዩ ቋንቋዎች የተጻፉ የልጆች መጻሕፍት በተደረደሩበት ክፍል በኢትዮጵያ ቋንቋ የተጻፈ አንድም አላገኙም። ስለዚህ የማሞ ቂሎን ተረት በአማርኛና በእንግሊዝኛ ጎን ለጎን አዘጋጅተው በ2002 አሳተሙ። በኢትዮጵያ ካደጉት አሜሪካዊት የልጆች መጻሕፍት ደራሲ ከጄን ከርትዝ ጋር ባቋቋሙት ድርጅት አማካይነትም በ2003 በአዲስ አበባ ሾላ አካባቢ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ተከፈተ።

ማሞ ቂሎ የተመረጠበትን ምክንያት ማየት ይገባል። እናቱ የምትመክረውን ሁሉ ቃል በቃል እየተከተለ የሚሳሳተውን ይህን ልጅ የማያውቅ አማርኛ ተናጋሪ የለም፤ ወላጅ መጽሐፉን ሲገልጥ ማንበብ ሳያስፈልገው ያወራዋል። መጽሐፉ መስታወት የሚሆነው ለልጁ ብቻ ሳይሆን አጠገቡ ለተቀመጠችው እናትም ነው። በባዕድ አገር ለሚያድግ ልጅ ደግሞ ያው መጽሐፍ መስኮት ነው፤ እናቱ ልጅ ሆና የሳቀችበትን ነገር ያያል።

ሁለት ቋንቋ የያዘ ገጽ ራሱን የቻለ የጥናት ርዕስ ነው። በእንግሊዝ የሬዲንግ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ1990ዎቹ እንደ ኡርዱና ቤንጋሊ ያሉ ቋንቋዎች ከእንግሊዝኛ ጋር የቀረቡባቸውን የልጆች መጻሕፍት መርምረው ነበር። ከገጹ ላይ የሚታተመው እንግሊዝኛ ከሆነ፣ ፊደሉም ጎልቶና ተስተካክሎ ከተቀመጠ፣ ሌላው ቋንቋ ግን ከሥር በቀጭኑ ወይም በእጅ ጽሑፍ ከተጨመረ፣ ልጆች የትኛው ቋንቋ ክብር እንዳለው ከዚያ እንደሚረዱ አስተዋሉ። አማርኛ ያለባቸውን መጻሕፍት የሚገዙ ወላጆች ይህን በቀላሉ ሊፈትሹት ይችላሉ። የግዕዝ ፊደል ቁመቱና ስፋቱ ከላቲኑ ስለሚለይ፣ በኮምፒውተር ለሁለቱም እኩል መጠን መስጠት ብቻ በገጹ ላይ እኩል አያደርጋቸውም። ልጅ በጣቱ እየተከተለ የሚያነበው ፊደል ዓይን የሚያደክም ከሆነ ወደ ጎረቤቱ ይሸሻል፤ ከዚያ ወዲያ «ልጄ አማርኛ አልወደደም» ይባላል።

ቋንቋ ጨርሶ በሌለበት መጽሐፍ ላይ የተደረገ ጥናትም አለ። አውስትራሊያዊው ሾን ታን በ2006 ያሳተሙት «መድረስ» የተሰኘ ሥራ አንድም የሚነበብ ቃል የለውም። አንድ አባት ሚስቱንና ልጁን ትቶ፣ ሻንጣውን ይዞ፣ በመርከብ ወደማያውቀው ከተማ ይሄዳል። የከተማው እንስሳት፣ ምግብና ሰዓት ሁሉ እንግዳ ነው፤ በየግድግዳውና በየወረቀቱ ላይ ያሉት ፊደላትም ሠዓሊው የፈጠሯቸው በመሆናቸው በዓለም ላይ ሊያነባቸው የሚችል ሰው የለም። ገጸ ባሕርዩ ያልገባው ምልክት ለአንባቢውም አይገባውም። ኢቭሊን አሪስፔ፣ ቴሬሳ ኮሎሜርና ካርመን ማርቲኔስ ሮልዳን ከባልደረቦቻቸው ጋር ይህን መጽሐፍ በግላስጎው፣ በባርሴሎናና በአሜሪካ ለሚገኙ የስደተኛ ቤተሰብ ልጆች አቅርበው፣ በየገጹ የሚሉትን መዝግበው በ2014 አሳተሙ።

በእነዚያ ክፍሎች ውስጥ የተለመደው የትምህርት ቤት ሥርዓት ተገለበጠ። የአገሩን ቋንቋ አጣርቶ ያልለመደው ልጅ ከማንም እኩል አንባቢ ሆነ፤ ሥዕሉን ለመረዳት የሚያስፈልገው እውቀት እርሱ ዘንድ ነበርና። ልጆቹ የሰውየውን መንገድ ከራሳቸው ወይም ከወላጆቻቸው ጉዞ ጋር እያያያዙ ይናገሩ ነበር፤ ስለ ተለዩት ቤት፣ በመጀመሪያው ቀን ስላልገባቸው ነገር፣ ይዘውት ስለመጡት ዕቃ። በመጽሐፉ መግቢያ ላይ ሰውየው ሻንጣው ውስጥ የሚያስቀምጠው የመጨረሻ ዕቃ በጨርቅ የተጠቀለለ የቤተሰቡ ፎቶግራፍ ነው።